«ደህና ነኝ እኮ፣ ለምን ክኒን እውጣለሁ?»

ፋርማሲ ቆሞ የሚውል ሰው ቶሎ የሚያውቀው ነገር አለ። የሚያመው ሰው መድኃኒቱን አይረሳም። ጥርሱ ሌሊቱን ያላስተኛው ሰው ገና በሩን ሳያልፍ ነው የሚጠይቀው። ጨጓራው የሚያቃጥለው በዋጋ አይከራከርም። የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ይገባል። ሰላምታውን አሟልቶ ይሰጣል። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ባጃጅ ዋጋ ትንሽ ያወራል። ከዚያ ወረቀቱን ከኪሱ እያወጣ «ስሚ እስቲ፣ ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው?» ይላል።

የምሠራው እዚሁ ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ባለ የግል ፋርማሲ ነው። ዛሬ ስለ እነዚህ ደንበኞቼ ልጻፍ ብያለሁ። ለልብ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ጠበውባቸው፣ ግን በሽታው ረግቶላቸው፣ ቤታቸው ሆነው በየቀኑ ክኒን ስለሚወስዱት። አልጋ ላይ አይደሉም። ሥራ ይሄዳሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወክ ያደርጋሉ። ሽቅብ ሲወጡ ወይም ሲቸኩሉ ደረታቸውን ጨምደድ ያደርጋቸዋል፤ ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ይለቃቸዋል። ድሮ ታቦር ተራራን ሳያርፉ ይወጡ የነበሩ ሰዎች አሁን ግማሽ ላይ ይቆሙና «ሐይቁ ከዚህ ሲታይ እንዴት ያምራል!» ይላሉ። አብሯቸው ያለው ሰው ገብቶት ዝም ይላል።

እኛ ፋርማሲዎች ደግሞ አንድ ልማድ አለን። «ይሄን ጠዋት አንድ፣ ይሄን ማታ አንድ፣ ይሄን ከምግብ በኋላ።» ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ እንጽፋለን፣ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል። ክኒኑ ምን እንደሚሠራለት ግን የነገረው የለም። ሐኪሙ ጋ ወረፋው ረጅም ነው፤ እኛም ጋ ከኋላው ሰው ቆሟል። ስለዚህ ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ራሱ ዳኛ ይሆናል። በምን ይፈርዳል? በሚሰማው ነገር። ይሄ ዳኝነት ለጥርስ ይሠራል። ለልብ አይሠራም።

አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር አሉ። ዕድሜያቸውን ሞያሌ መንገድ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን መድኃኒታቸውን በሙሉ በፌስታል ይዘው መጡና ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። አራት ዓይነት ነው፦ አስፕሪን፣ ሜቶፕሮሎል፣ ኢናላፕሪል፣ አቶርቫስታቲን። የሦስቱ ስትሪፕ ክኒኑ ወጥቶ ፎይሉ ተበሳስቷል። የአራተኛው ካርቶን ግን ክዳኑ እንኳን አልተነካም። የሁለት ወር አቶርቫስታቲን እንደታሸገ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄኛውስ ምነው?» አልኳቸው።

«እሷማ ምንም አትሠራም» አሉኝ ካርቶኑን በጣታቸው ገፋ አድርገው። «ይቺን ሜቶፕሮሎሏን ስውጥ ልቤ ሰከን ይላል፤ አውቃታለሁ። ይቺኛዋን ግፊት መለኪያው ላይ አያታለሁ። አስፕሪኗ ርካሽ ናት፣ ብትኖርም አትጎዳኝም። ያቺ ግን ውድ ናት። ወሰድኳት አልወሰድኳት ያው ነኝ። አንቺ ብትሆኚ ለማይሠራ ሠራተኛ ደሞዝ ትከፍያለሽ?»

ሳቄ መጣ። ሒሳባቸው እንከን የለውም እኮ! የሚሰማቸውን ይዘው የማይሰማቸውን ጣሉ። ችግሩ ከአራቱ አንዱን ምረጡ ቢባል፣ እኔ መጨረሻ ላይ የምጥለው ያንኑ እሳቸው መጀመሪያ የጣሉትን መሆኑ ነው።

ሜቶፕሮሎል የልብን ምት ያዘገያል። ልብ ሲረጋጋ የሚፈልገው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደረት አይጨመድድም። ይሄ ይሰማል። አቶርቫስታቲን ግን ሥራው ሌላ ቦታ ነው። ጉበት ኮሌስትሮል እንዳያመርት ይይዘዋል። ጉበቱ ሲያጥረው ከደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል እየሳበ ያወጣል። በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ የተጠራቀመው ቅባትም እየረጋ፣ ሽፋኑ እየጠነከረ ይሄዳል። ይሄ ለምን ይጠቅማል? ሃርት አታክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሥሩ ቀስ በቀስ ጠቦ ጠቦ ስለተዘጋ አይደለም። ያ የቅባት ክምችት በድንገት ላዩ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ላይ ደም ስለሚረጋበት ነው። ከመሰንጠቁ በፊት የሚደርሰው ስታቲኑ ነው፤ አቶርቫስታቲንና ዘመዶቹ ስታቲን ይባላሉ። ደግሞ ክምችቱ ሲጠነክርም ሆነ ሲሰነጠቅ ሰውየው አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። በሰሜን አውሮፓ አገሮች 4,444 የልብ ሕመምተኞች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ክኒን ወሰዱ። ከአምስት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ከ100 ሰው ወደ 12 ያህሉ ሞቱ፤ ስታቲን ከወሰዱት ወደ 8። በአገር ደረጃ ካየነው ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ግን ይሄን ልዩነት በሳምንትም በወርም ሊያየው አይችልም። ከሞት የተረፉት ሰዎችም መትረፋቸውን አያውቁም።

ይሄን ለጋሼ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሰሜን አውሮፓ ነው ያልሽው? እነሱ ቅቤ አይበሉም እንዴ?» አሉኝ። ይበላሉ። በቅቤ የራሰው የሲዳማ ቡሪሳሜ ባይኖራቸውም።

ያሳመናቸው ግን ጥናቱ አይመስለኝም፤ ላብራቶሪው ነው። የሚታይ ነገር ነበር የፈለጉት። መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤል ዲ ኤል የሚባለው፣ በደም ምርመራ ይለካል። የልብ ሥሩ ለጠበበ ሰው አሜሪካኖቹ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር በታች፣ አውሮፓውያኑ ከዚያም አጥብቀው ከ55 በታች ይሁን ይላሉ። አቶርቫስታቲን በ40 ወይም በ80 ሚሊ ግራም ሲወሰድ ኤል ዲ ኤልን በግማሽ ገደማ ያወርዳል። ከመጀመራቸው በፊት አንዴ፣ ከጀመሩ ከሁለት ወር በኋላ አንዴ ያሠሩ አልኳቸው። አሠርተው መጡ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን በጣታቸው እየነኩ «ይኸው ሠራች!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግፊታቸውን ከሚለኩበት ማስታወሻ ደብተር ጀርባ ኤል ዲ ኤላቸውንም ይጽፋሉ።

ስታቲንን የሚያስጥለው ዋጋው ብቻ አይደለም። ወሬውም ነው። «ጉበት ይጨርሳል»፣ «ጡንቻ ይበላል» ይባላል። ጡንቻ ማመሙ እውነት አለው፤ አልፎ አልፎ ይከሰታል። ከባድ ሕመም መጥቶ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ግን ይሄ እጅግ ብርቅ ነው። ብዙው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ አገር የወጣ አንድ ጥናት ደስ ይለኛል። «ስታቲን አይስማማኝም» ብለው ያቆሙ 60 ሰዎችን አንዱን ወር ስታቲን፣ አንዱን ወር ባዶ ክኒን፣ አንዱን ወር ምንም ሳይሰጡ አፈራርቀው ተከታተሏቸው። በስታቲኑ ወር ከሚሰማቸው ሕመም 90 በመቶው ያህል በባዶው ክኒን ወርም ተሰምቷቸዋል። ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ያማቸዋል። መንስኤው ግን ክኒኑ ውስጥ ያለው ነገር ሳይሆን ክኒን የመውሰዱ ፍርሃት ነው። ውጤቱን ሲያዩ ግማሽ ያህሎቹ ስታቲኑን መልሰው ጀምረዋል።

ስታቲንን መጀመሪያ ያገኘው አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ የሻጋታ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ሲመረምር ቆይቶ ሩዝ ላይ ከበቀለ ሻጋታ አወጣው። እንጀራ ሲሻግት እያዘንኩ የምጥል ሰው ነኝና ይሄ ታሪክ ሁሌም ይገርመኛል።

አስፕሪን ላይ ብዙ አልቆይም። ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ይበቃል። አሜሪካ ያሉ ልጆች የሚልኩት 81 ሚሊ ግራሙ እና እዚህ የሚሸጠው ሥራቸው አንድ ነው፤ የአሜሪካው አይበልጥም። የራስ ምታቱን ትልቁን አስፕሪን ቆራርጦ መውሰድ ግን ይቅር።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ከአስፕሪኑ ጎን የሚወሰደው ነው። ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ። የልብ መድኃኒታቸውን በሥርዓት ወስደው፣ ጨርሰው ሲወጡ በሩ ላይ ይዞሩና «እስቲ ደሞ ዳይክሎፌናክ ጨምሪልኝ» ይላሉ። ወይም ከውጭ የመጣ አድቪል ቤታቸው አለ። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው። አይቡፕሮፌን አስፕሪኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበትና ሥራውን ያስተጓጉልበታል። ዳይክሎፌናክ ደግሞ በራሱ፣ በተለይ ረዘም ላለ ጊዜ ሲወሰድ፣ የሃርት አታክን አደጋ ይጨምራል። ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ያስቸግራሉ፣ ከአስፕሪን ጋር ሲደመሩ ጨጓራን ያደማሉ። የልብ ሕመምተኛ ለጉልበቱ መጀመሪያ የሚይዘው ፓራሲታሞል ነው። ቅባትም አለ። «ፓራሲታሞል ለእኔ ውኃ ነው» የሚሉ አሉ፤ ይገባኛል። ቢሆንም ልብ የሚጎዳ ማስታገሻ ለልብ ሕመምተኛ በማዘዣ እንኳን ሲመጣ ደግሜ እጠይቃለሁ።

ሌላው የምጠይቀው ጥያቄ ያሳፍራል። ፋርማሲው ባዶ እስኪሆን ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ ደንበኛ አለ። ይገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቪያግራ ይላል። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ከምላስ ሥር የሚደረግ የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ?» እላለሁ። ያኔ ፊቱ ይለወጣል። «እሱን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። በደንብ ይገናኛል። ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ቪያግራም ያሰፋል። ሁለቱ ከተገናኙ ግፊት ድንገት ይወርድና ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ቪያግራ ከወሰደ 24 ሰዓት፣ የቪያግራ ዘመድ የሆነው ሲያሊስ ከሆነ 48 ሰዓት ሳይሞላ ናይትሮግሊሰሪን አይነካም። በየቀኑ የሚዋጠውን የዚህኑ ዘር መድኃኒት፣ አይሶሶርቢዱን፣ የሚወስድ ሰው ደግሞ ቪያግራ ጭራሽ አይሆንለትም። ይሄ ነገር ሚስትም ባልም፣ ሐኪምም ፋርማሲስትም በሚያፍሩበት አገር ውስጥ በዝምታ ሰው ይገድላል።

ናይትሮግሊሰሪን ያው ድማሚት የሚሠራበት ነገር ነው። ድማሚትን የፈለሰፈው አልፍሬድ ኖቤል ራሱ በመጨረሻ ዘመኑ ልቡን ሲያመው ሐኪሞቹ ይሄንኑ አዘዙለት። ክኒኗ በራሷ ጠቆር ያለ ጠርሙስ ውስጥ፣ ክዳኑ ጠብቆ ትቀመጣለች። በወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪስ መክተት፣ በሐዋሳ ፀሐይ መኪና ውስጥ መተው ኃይሏን ያጠፋዋል። ደረት ሲጨመድድ ቁጭ ብሎ አንድ ከምላስ ሥር ማድረግ ነው። በአምስት ደቂቃ ካልለቀቀ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። «ብርድ ነው»፣ «ጋዝ ነው» ተብሎ ዝንጅብል የሚፈላበት ሰዓት አይደለም። ቁጭ ብሎ ሳለ የጀመረ፣ ላብ ላብ የሚል፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነማ ያ የረጋ በሽታ መሆኑ አብቅቷል።

የመዋጮው ነገርም አለ። አንድ ሰው አንጂዮግራም (የልብ ሥሮች ምርመራ) ተነሥቶ «ሥርህ ጠቧል» ከተባለ ዘመድ ይሰበሰባል። እድር ይጠራል። ስቴንት (የጠበበውን ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ይግባለት፣ አዲስ አበባ ይሂድ፣ ካልሆነ ሕንድ ይሂድ። ክኒኑ የደሃ አማራጭ ተደርጎ ይታያል። ይሄ አመለካከት ያናድደኛል፤ ምክንያቱም በደንብ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ2,200 በላይ በሽታቸው የረጋ ሰዎች ላይ፣ በ2020 ደግሞ በ37 አገሮች ከ5,000 በላይ ሰዎች ላይ ታየ። ግማሹ መድኃኒት ብቻ፣ ግማሹ መድኃኒትና ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና። በሞት ልዩነት አልተገኘም። ስቴንቱ የጠቀመው ደረታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ነው፤ ሕመማቸው በይበልጥ ቀለለ። ሃርት አታክ እየያዘው ላለ ሰው ስቴንት ሕይወት ያድናል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም። የግራው ዋና ሥር የጠበበበትና ልቡ የደከመም ሌላ ነው። ግን ደረቱን እምብዛም የማያመው፣ በሽታው የረጋ ሰው ቤቱን ሸጦ ከመሄዱ በፊት «መድኃኒቱን በሙሉ መጠን፣ በትክክል ወስጄ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ እወዳለሁ። ስቴንት የገባለትም ቢሆን ከክኒኑ አያመልጥም። እንዲያውም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ክሎፒዶግሬል ይጨመርለታል። እሱን ደግሞ ሐኪሙ ካለው ወር ቀድሞ ማቋረጥ ስቴንቱ ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል።

ጾም ሲገባ ፋርማሲያችን ጭር ይላል። በዐቢይ ጾም ጠዋት የሚዋጠውን እስከ 9 ሰዓት የሚያቆዩ፣ ጭራሽ የሚተዉም አሉ። የንስሐ አባታቸውን አስፈቅደው የሚውጡም አሉ። መተው የለበትም፤ ሰዓት ማዛወር ይቻላል። አቶርቫስታቲን ጠዋትም ማታም፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ያው ነው። አስፕሪኑ ከምግብ በኋላ ወደ ማታ ይሄዳል። በረመዳን የኢፍጣሩና የሱሁሩ ሰዓት ለቀን አንዴውም ለቀን ሁለቴውም ይመቻል። ሰዓቱ ከመዛወሩ በፊት ግን ሐኪሙ ይወቀው፤ በተለይ ግፊት የሚያወርዱት ከተደራረቡ ሰው ሲነሣ ያዞራቸዋል።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ግማሹን ይቆርጣል። ወይም ቀን ያስዘልላል። እባካችሁ ንገሩን። ርካሽ አቻ ያለው መድኃኒት ብዙ ነው። በኢናላፕሪል ደረቅ ሳል የያዘውም እንደዚሁ ይንገረን፤ ሎሳርታን አለለት። በድንገት ማቋረጡ በጣም የሚያስፈራኝ ሜቶፕሮሎልና ዘመዶቹን ነው። ልብ ለረጅም ጊዜ ተይዞ ቆይቶ ባንዴ ሲለቀቅ ይፈረጥጣል፤ ደረት ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፣ ሃርት አታክም ሊያመጣ ይችላል።

ይሄ ሲባል ግን አንዴ የተጀመረ ሁሉ እስከ ዕድሜ ልክ ነው ማለት አይደለም። እዚሁ ሜቶፕሮሎል ዘንድ አስተያየቱ እየተቀየረ ነው። ድሮ ሃርት አታክ የያዘው ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኩን ይወስደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአሜሪካኖቹ መመሪያ፣ ሃርት አታኩ ከዓመት በላይ ለሆነው፣ ልቡ በደንብ ለሚረጭ፣ ደረቱን ለማያመው ሰው ጥቅሙ እንደገና ይታይ ይላል። በ2024 ስዊድን ላይ ያተኮረ ጥናት ልባቸው በደንብ ለሚረጭ ሰዎች ከሃርት አታክ በኋላ ጥቅም አላገኘበትም። በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ጥናት ደግሞ ያቆሙት ሰዎች ሆስፒታል መግባት እንደበዛባቸው አየ። ስለዚህ የሚጠየቅ ነገር ነው። በቀጠሮ ቀን ሐኪሙን «ከእነዚህ ውስጥ አሁንም የሚያስፈልገኝ የቱ ነው?» ማለት ነውር የለውም።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ደንበኛዬ ጠየቁ። ሐኪማቸው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አሠርቶ፣ ታሪካቸውን አይቶ፣ የሜቶፕሮሎል ዘመድ የሆነውን አቴኖሎላቸውን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሰ አስቆማቸው። በማግስቱ ፋርማሲ መጡ። ከቦርሳቸው ያልተነኩ ስትሪፖች አውጥተው ባንኮኒው ላይ ደረደሩ።

«እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ» አልኳቸው።

«እሱ ይቆይና፣ ይሄን መልሺልኝ።»

ከኋላዬ የተለጠፈውን «የተሸጠ መድኃኒት አይመለስም» የሚለውን ወረቀት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ እንደሚያርም ሰው።

«ታዲያ ለጎረቤቴ ልስጣት? እሷም ልቧን ያማታል።»

«ኧረ እትዬ! አስም አለባት አላሉኝም ነበር እንዴ? አቴኖሎል እኮ ደረቷን ይዘጋታል።»

«ውይ፣ እውነትሽን ነው» ብለው ስትሪፖቹን ወደ እኔ ገፏቸው። «በይ እንግዲህ አስወግጂው። ግን ስታቲኗን ስጪኝ፤ እሷን አላቆመብኝም።»